ጉርሻ ቆጣሪዋ

«ጎታው ሙሉ ሆኖ፣ ጓዳው እህል ሞልቶ፣
ወንድሜ ሄደብኝ ተሰፍሮለት በልቶ!»

ሙሉነሽ ግጥሙን አውርዳ ደረቷን ስትደቃ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ተቀብለው አለቀሱ። ሁለት ሦስቱ ግን እያለቀሱም ቢሆን ከነጠላቸው ሥር አሻግረው ንግስትን አዩዋት። የነሐሴ ዝናብ ሸራውን ይደበድበዋል። በአንዱ ጥግ ውኃ አቁሮ ስለከበደ አንድ ጎረምሳ በዱላ ገፋ አድርጎ ወደ ውጭ አፈሰሰው።

ንግስት ከምሰሶው ሥር ገለባ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ታፈረ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ስትሰማው ግጥሙ እንደማንኛውም ሙሾ በጆሮዋ አለፈ። ሙሉነሽ ስትደግመው ግን «ተሰፍሮለት» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባት። ቀና ብላ የባሏን እህት አየቻት። ሙሉነሽ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ዐይኗን ጨፍና ደረቷን ትመታለች። ኀዘኗ የውሸት አይደለም። እናታቸው ስትሞት ታፈረ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ፣ ከአፏ ነጥላ እያጎረሰች ያሳደገችው እሷ ናት።

ንግስት መልሳ አንገቷን ደፋች።

ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ የእድር ሴቶች ንፍሮ በወንፊት እያጠለሉ ያወራሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ቃላቸው ጥርት ብሎ ይመጣል።

«ያን የመሰለ ገበሬ! አንድ ጥማድ በሬ ውሎ የማያደክመው ሰው!»

«ምን ያድርግ፣ በጭልፋ እየተለካለት።»

«እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አፉ ድረስ የደረሰውን ጉርሻ ስትመልስበት።»

«ጉርሻ ቆጣሪዋ!»

ታላቋ ልጇ ሀና ይህን ሰምታ ከእናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ደብረ ታቦር ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ የቀረች ልጅ ናት፤ አባቷን ያገኘችው አፈር ሊለብስ ሲል ነበር።

«እማዬ፣ የሚሉትን ትሰሚያለሽ? ለምን ዝም ትያለሽ? ስኳር እንደነበረበት ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ያውቃሉ።»

«ካወቁ ታዲያ...»

«በወሬ ያውቃሉ ልጄ። በዐይናቸው ያዩት ግን የእኔን እጅ ነው።»

*

በሽታው የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም ነበር። ታፈረ ውኃ አልጠግብ አለ። ገንቦውን አንሥቶ እንደ በሬ ይጠጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ ያድራል። ያ ሰፊ ትከሻው ወር ባልሞላ ጊዜ እንደ ዕርፍ ቀጠነ። ሰው «ዐይን ነው» አለ። ሙሉነሽ ጠበል ወሰደችው። ጠበሉ ላይ ራሱን ስቶ ሲወድቅ በወሳንሳ ተሸክመው ወገዳ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በመኪና ደብረ ታቦር አደረሱት። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መርፌውንና ምክሩን ይዞ ተመለሰ።

ምክሩን የተቀበለችው ንግስት ናት። ወገዳ ላይ ሚሊዮን የሚባል ነርስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህንና አንድ ጭልፋ አስቀምጦ እንደ ሕፃን አስተማራት።

«እትዬ ንግስት፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። መብዛቱም ይገድላል፤ ማነሱም ይገድላል። መርፌውን ከተወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት አለበት። ተወግቶ ሳይበላ ከዋለ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሁልጊዜ ስኳር ቋጥሮ ይያዝ። እንጀራው አንድ፣ ወጡ አንድ ጭልፋ ተኩል፣ ጎመኑ እንደ ልቡ። የእሱን ለብቻ ይስፈሩለት።»

«እኛ ቤት እኮ የምንበላው ከአንድ ገበታ ነው፣ ልጄ። ስድስት ነፍስ ነን።»

ሚሊዮን እርሳሱን አስቀምጦ ራሱን አከከ። ይህን ጥያቄ በሥልጠናው ላይ ማንም አልመለሰለትም።

እቤቷ እንደገባች የተባለችውን አደረገች። የታፈረን በሳህን ለይታ ከፊቱ አኖረችለት። እሱ ሳህኑን ለረዥም ጊዜ አየው። ልጆቹ ከገበታው እጃቸውን ሰብስበው አባታቸውን ይመለከታሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተ ድርሻ ነው። ነርሱ ያለው ነው።»

«ከልጆቼ ለይተሽ? እንደ ለምጻም?» ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ገበታው ላይ ገለበጠው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዐይኑ ግን ውኃ ሞልቶ ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? ከፈለግሽ አንሺብኝ፤ ለብቻዬ ግን አታብዪኝ።»

ንግስት ያን ዕለት አልተኛችም። ጠዋት ላይ ዘዴ መጥቶላት ነበር። ድስቱ ሲወጣ ስንት ጭልፋ እንደሚሆን ለካች፤ ዘጠኝ ሆነ። የእሱን ጭልፋ ተኩል በእሱ በኩል ጨለፈች። ግን ወጥ ይፈስሳል፤ እጅ ይሻገራል፤ ትንሿ ልጅ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠች ወደ አባቷ ትገፋለች። ስለዚህ ጉርሻውን መቁጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ተሳሳተች፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እንጀራ በእሱ እጅ አሥራ ስምንት ጉርሻ እንደሚሆን አወቀች። እያወራች፣ ልጆቹን እየተቆጣች፣ ውኃ እያቀበለች በልቧ ትቆጥራለች። አሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ ዐይኗን ታነሣለች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት ሲል እሱም ያያታል፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ጎደለ ብላ ያሰበች ዕለት ደግሞ «ይቺን ለእኔ ስትል» ብላ ራሷ ታጎርሰዋለች። ከእነሱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። የአረማመዱን ኮቴ እንደምታውቀው የጉርሻውንም ልክ አወቀችው፤ ሲከፋው እንደሚያሳንሰው፣ ሲደሰት በአውራ ጣቱ ጠቅልሎ እንደሚያተልቀው።

ሰው ያወቀባት በሙሉነሽ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ ነው። ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሙሉነሽ ወንድሟን አንድ አጎረሰችው፤ ሁለት አጎረሰችው። ንግስት ከሩቅ ትቆጥራለች። ሃያ ሁለት፤ ሃያ ሦስት። ጠላውም አለ። ሙሉነሽ ዕንቁላሉን ከፍላ፣ እንጀራውን በወጥ አርሳ ሦስተኛውን ስታነሣ የንግስት እጅ ሳታስበው ተዘረጋና አንጓዋን ያዘው።

«እትዬ፣ ይበቃዋል።»

የሙሉነሽ እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በክንዷ ላይ ወረደ። በጋይንትም ሆነ በስማዳ የሰው ጉርሻ መቁጠር ከሌብነት አይተናነስም። የእህትን ጉርሻ ከወንድም አፍ መመለስማ ስም የለውም። ታፈረ ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ንግስት በአገሩ ጉርሻ ቆጣሪዋ ናት።

*

ሚሊዮን የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ሞተሩን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ጭቃውን እስከ ጉልበቱ ለብሶ ደረሰ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ንግስትን ለብቻዋ ሊያነጋግራት ፈለገ። ከበረቱ ጥግ፣ ከክዳኑ ሥር ቆሙ።

«እንዴት እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

ነገረችው። ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው መርፌውን ተወጋ። መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ ከሞላችው ገንቦ ውስጥ ያወጣችለት እሷ ናት። ከዚያ ወደ ስንዴው ማሳ ለአረም ወረደ። ስድስት ሰዓት ላይ ወንፈል የያዙ ሰዎች ከማሳው ጫፍ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት።

«ቁርሱንስ?»

«ፍልሰታ አልነበር? እሱ ከጾም የተፈታ ቢሆንም ልጆቹ በጾም ውለው እሱ ከፊታቸው መብላት ከበደው። ስለዚህ ቁርሱን በምሳ ዕቃ አደርግለታለሁ፤ ማሳው ዳር ተቀምጦ ይበላል። ዕቃውን ባዶውን አጥቦ ይመልሳል። ሁልጊዜ።»

«ያን ዕለትስ?»

«ባዶውን ከአጠገቡ አገኙት።»

ሚሊዮን የጉልበቱን ጭቃ በእጁ ጠረገ።

«ስኳሩንስ? ቋጥሮ ይይዘው የነበረውን?»

«በጋቢው ጫፍ እንደ ቋጠርኩት ነው። አልፈታውም።»

«ምልክቶቹ ሁሉ ስኳር ማነስ ነው የሚመስሉት» አለ በመጨረሻ፣ እግሩን እያየ። «በልቶ ከሆነ ግን... አረም ያደክማል፤ ምናልባት ድርሻውን ለሥራው ልክ ጨመር ማድረግ...» አቋረጠ። የተናገረው ምን እንደሆነ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር። «እርስዎን ማለቴ አይደለም እትዬ። እርስዎ ያደረጉትን በመቶ ሰው ላይ አላየሁም።»

«ገብቶኛል ልጄ» አለች ንግስት።

የገባት ግን ሌላ ነበር። ሴቶቹ በሙሾና በሹክሹክታ ያሉት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሐሜቱ ከውጭ ነበር፤ አሁን ገብቶ ከሆዷ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። የክክ ወጡን ድስት ከፈተች። ጭልፋውን አነሣች። አንድ። ግማሽ። ባዶ ሳህን ላይ አፈሰሰችና አየችው። እንጀራውን ከጎኑ አጠፈችው። ጎመኑን ጨመረች። ለሦስት ዓመት ያየችው ነገር ነው፤ ዛሬ ግን የሕፃን ምግብ መሰላት። ይሄን ነው? ይሄን አስይዤ ነው በዚያ ዝናብ፣ በዚያ አረም ያሰማራሁት? ግማሽ ጭልፋ ብጨምር ምን ነበረበት? እጇ ለምን አልተሳሳተም? ሌላ ሴት ብትሆን ትሳሳት ነበር፤ ሌላ ሴት ብትሆን አዝና ትጨምር ነበር።

ሀና ስትገባ እናቷን ሳህኑን አቅፋ መሬት ላይ አገኘቻት።

«እማዬ? ልትበዪ ነው?»

«አባትሽን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ንግስት። አላለቀሰችም። የሆነ ነገር ጠፍቶበት የት እንዳስቀመጠው ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ነበር ድምፅዋ።

*

በሰባተኛው ቀን ጸሎት ተደርጎ፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ተክለ ማርያም ከሁለት ዲያቆናት ጋር ፍታቱን ፈጽመው ከድንኳኑ ገብተው ተቀምጠው ነበር። መምሬ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ታፈረ በታመመ ጊዜ ከጾም የፈቱት እሳቸው ናቸው። «ጾምህ መድኃኒትህ ነው፤ እሱን አትግደፍ» ነበር ያሉት።

ዝናቡ ያን ዕለት አባርቶ ነበር። ከቁልቁለቱ በኩል አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ሦስት እርምጃ ሄደው አንድ እያረፉ መጡ። እማማ ካሣነሽ ናቸው። ከስንዴው ማሳ መንገድ ዳር፣ ግማሽ ክዳኗ በተነሣ ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጅም ዘመድም የላቸውም። ሴቶቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ድንኳኑ መሀል ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«ወንዙ ሞልቶብኝ፣ ጉልበቴም ከድቶኝ ሳልቀብረው ቀረሁ» አሉ በቀጭን ድምፃቸው። «ግን እናንተ ሰዎች፣ ማን እንደሞተባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም! እኔ ልንገራችሁ።»

እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጉ።

«ከጽንሰታ ማግስት፣ ከነሐሴ ስምንት ጀምሮ እስከሞተባት ቀን፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ ‹እማማ፣ ደኅና አደሩ?› ይለኛል። ያቺን ምሳ ዕቃውን ከፍቶ በሳህኔ ላይ ይገለብጥልኛል። ሳይነካ! ከእንጀራው ዳር እንኳ ቆረስ ሳያደርግ! ‹አንተስ ልጄ?› ስለው፣ ‹የእኔን ድርሻ እርስዎ ይብሉልኝ። እኔ ዘንድሮ ከሰው ጋር ልጹም› ይለኛል። እኔም አስቀምጠውና ቅዳሴ ሲወጣ እበላዋለሁ። ሰባት ቀን የሰው ወጥ በላሁ። ደሞ ወጡ! ይሄ የተባረከ እጅ የሠራው!» ወደ ንግስት ዞሩ። «ዘይቱ ያልበዛ፣ ጨው ያልበዛ።»

ንግስት ከገለባው ላይ ቀና አለች።

«የመጨረሻዋ ቀን ደግሞ» አሉ አሮጊቷ፣ «በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል። ሳህኔን ሲያቀብለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ልጄ ወባ ይዞሃል መሰለኝ፣ ተቀመጥ› ብለው ‹አይደለም እማማ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው› ብሎኝ ሄደ። ታሞ እንኳ እኔን ሳያጎድል!»

ሁለት ቀን ምን እንደሆነ ንግስት ታውቃለች። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሰባት ቀን። ምሳ ዕቃውን አጥቦ አምጥቶ ይሰጣታል፤ «በላህ?» ትለዋለች፤ «በላሁ» ይላታል። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን ያልዋሸ ሰው ሰባት ቀን ዐይኗን እያየ ዋሻት። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር፤ ጋቢውን ይዛ «አታለልከኝ! አንተ ሰው አታለልከኝ!» ብላ ልትነቀንቀው የምትችል ያህል። ቀጥሎ እፎይታ መጣ፤ ልኬቷ ልክ ነበር፤ እጇ አልገደለም። ወዲያው ደግሞ በእፎይታው አፈረች። እሱ አፈር ለብሶ፣ እሷ ለራሷ እጅ ደስ ይላታል።

ሙሉነሽ ግን ተነሥታ ነበር። ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣

«የእኔ ጻድቅ! ያቺኑ የተሰፈረችለትን! እሷኑም ለደሃ!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ ተቀበሏት። «እሷኑም ለደሃ!» ድንኳኑ በልቅሶ ተናወጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡ። የእማማ ካሣነሽ ምስጋና በንግስት ላይ ሌላ ድንጋይ ሆኖ ዐረፈ። ባሏን በጭልፋ የለካች ሴት፤ ከተለካለትም ላይ የሚመጸውት ባል። ከዛሬ ወዲያ አገሩ ሲያወራው የሚኖረው ይህንን ነው።

ሀና ብድግ አለች።

«እንዴ! ቆይ! መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ...»

ንግስት የልጇን ክንድ ይዛ ወደ ታች ሳበቻት። ሀና እናቷ እንዲህ አጥብቃ ይዛት አታውቅም፤ ጥፍሯ እስኪገባ።

«ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ እሳቸው በበሉት ምክንያት ነው እኮ...»

«ሀና። በአባትሽ ዐፅም፣ ተቀመጪ።»

*

መምሬ ተክለ ማርያም ሁሉንም አይተው ነበር። ልቅሶው ሲረግብ ወጣ ብለው ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ፤ ንግስት መስቀል ለመሳለም መስላ ተከተለቻቸው። ተሳለመች፤ መስቀሉን ግን ወዲያው አልመለሱትም።

«የጽንሰታ ዕለት ታፈረ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ይዞኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «‹አባቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲጾም እኔ እንደ ከብት ስበላ ኖርኩ፤ ይቺን ሱባዔ ብቻ ይፍቀዱልኝ› አለኝ። ‹አይሆንም፤ ነፍስህን ታጠፋለህ› አልኩት። እጄን ስሞ ሄደ። የሰማኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔንም የሰማኝ መስሎኝ ነበር፣ አባቴ።»

«እንግዲህ እኔ ገብቼ ልናገር። የሰው ኀጢአት ልትሸከሚ አይገባም። እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው፤ ሚስቱ ግን ልታድነው ነበር ብዬ ልናገር። የእኔን ቃል ያምናሉ።»

ንግስት ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች። እማማ ካሣነሽ አሁን ተቀምጠዋል። ሙሉነሽ አቅፋቸው፣ ጭንቅላታቸውን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አብረው ያለቅሳሉ። አሮጊቷ ከሰው ጋር እንዲህ ተቃቅፈው ከታዩ ስንት ዓመታቸው ይሆን?

«እና ሲሰሙ እሳቸው ምን ይሆናሉ?» አለች።

መምሬም ወደ አሮጊቷ አዩ።

«የበሉትን እህል ከሆዳቸው ልናወጣው ነው፣ አባቴ? ‹በሰባት ቀን የሰው ነፍስ በላሁ› ብለው ይሙቱ?» እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ ሳታብሰው ተወችው። «ስለ እኔ አገሩ ሦስት ዓመት ሲያወራ ኖሯል፤ ለምጄዋለሁ። እሳቸው ግን አይችሉትም። ሙሉነሽም ወንድሟ ጻድቅ ሆኖ ሞቶላታል። ምን ቀራት ሌላ?»

«አንቺስ? ለአንቺ ምን ቀረሽ?»

ንግስት አሰበች። «እውነቱን ማወቄ» አለች። ከዚያ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ያም በቂ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። «እንጃ አባቴ። እንጃ።»

መምሬ መስቀሉን እንደገና በግንባሯ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ከዲያቆናቱ ጎን ተቀመጡ።

ለለቀስተኛው ምግብ ቀርቦ ነበር። ሀና ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ ከንፈሯን ነክሳ እናቷን ታያለች። ንግስት በአጠገቧ ስታልፍ ትከሻዋን ዳሰስ አደረገቻት፤ ሀና ሸሸት አለች። አልገባትም። ምናልባት አንድ ቀን ይገባት ይሆናል፤ ምናልባትም ለእናቷ ስም ስትል እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አይገባትም።

ለሐዘንተኛ ሰው ያቀርብለታል እንጂ እሱ ለሰው አያቀርብም። ንግስት ግን ከዲያቆኑ እጅ የውኃውን ጆግና ሳፋውን ተቀበለች። ሴቶቹ ተያዩ። እሷ አላየቻቸውም፤ በቀጥታ ሄዳ ከእማማ ካሣነሽ ፊት ተንበረከከች።

«ኧረ ልጄ! አንቺ ሐዘንተኛዋ!» አሉ አሮጊቷ።

«ይታጠቡ፣ እማማ።»

«ለእሳቸው እንኳ ሳትቆጥሪ ስጫቸው» አለች ሙሉነሽ ከጎናቸው። እንባዋ ገና አልደረቀም፤ ድምፅዋ ውስጥ ከጥላቻው ይልቅ ድካሙ ይበዛ ነበር።

«እሺ እትዬ» አለች ንግስት።

እማማ ካሣነሽ ሁለት እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘረጉ። አጥንቱ የወጣ፣ ጥቁር ጅማቱ የተገተረ እጅ ነው። ንግስት ጆጉን በቀኟ ይዛ በግራዋ ያን እጅ ያዘችው። የባሏን ገላ ያጠቡት ወንዶች ናቸው፤ እሷ ከበሩ ውጭ ነበረች። አሁን ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በመሀል በመሀሉ፣ ከጥፍሩ ሥር ያለውን የምድጃ አመድ ሳይቀር እያሸች አጠበች። ውኃው ይወርዳል። ጭቃው ለቀቀ፤ አመዱ ለቀቀ፤ ቀጥሎ የሚወርደው ውኃ እንደ ምንጭ ጥርት ያለ ሆነ።

«ጠራ ልጄ» አሉ እማማ ካሣነሽ። «በቃኝ።»

ንግስት ማፍሰሷን አላቆመችም።